«ይሄ ውሃ አይሄድም እኮ»

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ እናቴ ልትጠይቀኝ ለንደን መጣች። አገር ቤት ዝናብ ነው፣ እዚህ ፀሐይ። ሁለት ሳምንት ከቤተ ክርስቲያን ወደ ዘመድ ቤት፣ ከዘመድ ቤት ወደ ሱቅ ካመላለስኳት በኋላ አንድ ቅዳሜ «እማዬ፣ ዛሬ ባሕር ላሳይሽ ነው» አልኳት። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው ደጀን ነው፣ ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ። ባሕርን ከአውሮፕላን መስኮት ካልሆነ አይታው አታውቅም። ፍልሰታ ስለነበር ቆሎና ዳቦ ቋጠረች፣ ነጠላዋን ደረበች፣ ወጣን።

የወሰድኳት ኩክሚር ሄቨን ነው። በእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ፣ በሲፎርድና በኢስትቦርን ከተሞች መካከል ያለ የወንዝ አፍ ነው። ከለንደን ቪክቶሪያ ጣቢያ በባቡር ተነስተን፣ ሉዊስ ላይ ቀይረን፣ ሲፎርድ ወረድን። ከዚያ ቁጥር 12 አውቶቡስ ይዘን ኤክሲት የምትባል ቦታ ደረስን። ባሕሩ ከዚያ የእግር መንገድ ነው።

እኔ ከዚያ በፊት አራት ጊዜ ሄጃለሁ። ሁሌም የማደርገው አንድ ነው። መጀመሪያ ኮረብታው ላይ እወጣለሁ። ከላይ ሲታይ ሸለቆው እንደ መዳፍ ለጥ ያለ አረንጓዴ ሜዳ ነው። በሜዳው ላይ ወንዙ ይጠማዘዛል። ወደ ግራ ይታጠፋል፣ ተመልሶ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ። አንድ ገበሬ ረጅም ጠፍር ወርውሮ እዚያው የረሳው ይመስላል። ጫፉ ላይ ባሕሩ አለ፤ ከወንዙ አፍ በስተምሥራቅ ነጫጭ ገደሎቹ፣ ሰቨን ሲስተርስ። (ለንደን ያላችሁ ወገኖቼ፣ የባቡር ጣቢያው እንዳይመስላችሁ። እነዚህ ሰባት እህትማማቾች ጎን ለጎን የቆሙ ገደሎች ናቸው። ለወንዙ ቅርብ የሆነችው የመጀመሪያዋ ከፍታዋ 77 ሜትር ገደማ ነው።) ፎቶ አነሳለሁ። ያን ፎቶ ብዙ ሰው ያውቀዋል። የእንግሊዝ ተማሪዎች ስለ ጥምዝ ወንዝ ሲማሩ የሚያዩት አንዱ ምሳሌ ይሄ ነው።

እናቴ ከላይ ሆና ዝም ብላ አየችው። ከዚያ «እንውረድ» አለች። ወረድን። ከጥምዙ ዳር ቆመች፣ ጎንበስ ብላ ደረቅ ሣር ነቀለች፣ ውሃው ላይ ጣለችው። ጠበቀች። ሣሩ እዚያው ነው።

«ልጄ፣ ይሄ ውሃ አይሄድም እኮ» አለችኝ።

አራት ጊዜ ሄጄ፣ ከመቶ በላይ ፎቶ አንስቼ፣ አንዴም አላስተዋልኩትም ነበር። እሷ ወንዝ ዳር ያደገች ሰው ናት። ወንዝ ስታይ መጀመሪያ የምታየው ቅርጹን ሳይሆን ጉልበቱን ነው፤ ይሻገሩታል ወይስ ይወስዳል?

ዕውነቷን ነው። ሰው ሁሉ ፎቶ የሚያነሳው ያ ጥምዝምዝ ውሃ ዛሬ ወንዝ አይደለም። ወንዙ ጎኑ ላይ ነው ያለው፣ እንደ አስፋልት ቀጥ ባለ ቦይ ውስጥ። ቦዩ የተቆፈረው በ1846 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። የዚያን ጊዜ ሰዎች ጎርፉ ቶሎ ወደ ባሕር እንዲወጣና ሜዳው ለግጦሽ እንዲሆን ፈለጉ። ስለዚህ ቀጥ ያለ መንገድ ቆፈሩለት፣ በአፈር ግድብ አጠሩት፣ ጥምዙን ከነነፍሱ ቆርጠው ተዉት። ከዚያ ወዲህ ጥምዙ ረጋ። ቀስ በቀስም በደለል እየሞላ ነው።

ወደ ቦዩ ስንጠጋ ደግሞ እናቴ ሌላ ነገር አየች። ሣሩን እንደገና ጣለች። ሣሩ ጉዞ ጀመረ፣ ግን ወደ ባሕሩ ሳይሆን ከባሕሩ ወደ መሬት። «በስመ አብ!» አለች። «ይሄኛው ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚሄደው!»

ባሕሩ እየሞላ ነበር። እኔም ደጋ ስላደግሁ ይሄን ነገር በአማርኛ በቤታችን ቋንቋ የምጠራበት ቃል አልነበረኝም። «እማዬ፣ ባሕር በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል፣ ጨረቃ ናት የምትስበው» አልኳት። እዚህ ጠረፍ ላይ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት 6 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ቁመት ማለት ነው። ያ ሁሉ ውሃ በየ6 ሰዓቱ ገደማ አቅጣጫውን ይቀይራል። የወንዝ አፍ ማለት እንግዲህ ሁለት ጌታ ያለው ቦታ ነው። ከላይ ወንዙ አፈር ይዞ ይመጣል፣ ከታች ባሕሩ ጨውና ጠጠር ይዞ ይገባል። ሁለቱ የሚደራደሩበት ሜዳ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከዚያ ቀን በኋላ ነው ይሄን ቦታ በደንብ ማንበብ የጀመርኩት፣ ያነበብኩትም ዕረፍት ነስቶኛል።

በገደሎቹ እንጀምር። ገደሎቹ ጠመኔ ናቸው። በእርግጥ ዛሬ ትምህርት ቤት የምናውቀው ጠመኔ ብዙውን ጊዜ ከጂፕሰም ይሠራል፤ ይሄ ግን የጥንቱ፣ የድንጋዩ ጠመኔ ነው። ከ80 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። ያኔ አካባቢው ሞቃትና ጥርት ያለ ባሕር ነበር። በባሕሩ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተንሳፋፊ ረቂቅ ሕያዋን ይኖሩ ነበር፣ የኖራ ቅርፊት የለበሱ። ሲሞቱ ቅርፊታቸው ወደ ወለሉ ይዘንባል። በአንድ ሺህ ዓመት የሚጠራቀመው ጥቂት ሴንቲሜትር ነው። ገደሉ ላይ ያለውን ቁመት በዚያ ሒሳብ አስቡት። በነጩ መሃል ጥቁር ጥቁር መስመሮች አሉ፣ እንደ ነጠላ ጥለት ተደርድረው። እነሱ ባልጩት ናቸው፤ ከባሕር ስፖንጅ አካል በወጣ ንጥረ ነገር የተሠሩ። ባሕር ዳሩ ላይ እግር የሚቆረቁረው ጠጠር ሁሉ ከገደሉ የወደቀ ባልጩት ነው።

ይሄን ለእናቴ ስነግራት አልተደነቀችም። «በልጅነታችን በረሃው ውስጥ ቀንድ አውጣ የመሰለ ድንጋይ እናገኝ ነበር» አለች። «ትልልቆቹ የኖኅ ውሃ ያመጣው ነው ይሉን ነበር።»

እውነትም ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ ሰው በመንገዱ ዳር ድርብርብ ኖራ ድንጋይ ያያል። እሱም የባሕር ወለል ነበር። ከእንግሊዙ ጠመኔ እጅግ የሚያረጅ ነው፣ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። እናቴ ባሕር አላየችም ብዬ ነበር የወሰድኳት። ለካ ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው ባሕር ላይ ነው።

ከዚያ የበረዶው ዘመን መጣ። እዚህ እንግሊዝ መሬቱ ድንጋይ እስኪሆን ቀዘቀዘ። ጠመኔ ውሃ የሚያሰርግ ድንጋይ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ግን ማስረጉን ያቆማል። ስለዚህ በበጋ የሚቀልጠው በረዶ በላዩ ላይ እየፈሰሰ ሸለቆ ሸለቆ ቆረጠው። ዛሬ በሰባቱ እህትማማቾች መካከል የሚታዩት ዝቅታዎች እነዚያ ደረቅ ሸለቆዎች ናቸው፣ ባሕሩ ጫፋቸውን የበላቸው። ከ20 ሺህ ዓመት በፊት ባሕሩ ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነበር። ከእንግሊዝ ፈረንሳይ በእግር ይኬዳል። የኩክሚር ወንዝም ወደ ሩቁ ባሕር ለመድረስ ሸለቆውን ጠልቆ ቆፈረ። በረዶው ሲቀልጥ ባሕሩ ከፍ እያለ መጣ፣ ሸለቆውን አጥለቀለቀው፣ በጭቃና በደለል ሞላው። ለጥ ያለው አረንጓዴ ሜዳ እንግዲህ የተሞላ ገደል ነው።

ወንዙ የተጠማዘዘውም በዚህ ምክንያት ነው። ሜዳው ለጥ ያለ ነው፣ አፈሩ ደቃቅ ነው፣ ወንዙ የሚያስቸኩለው ቁልቁለት የለውም። አልበርት አንስታይን በ1926 ስለ ወንዝ መጠማዘዝ አጭር ጽሑፍ ጽፎ ነበር። የጀመረው በሻይ ነው። ቅጠል ያለበትን ሻይ በማንኪያ ብታማስሉት ቅጠሉ የሚሰበሰበው የት ነው? ስኒው ዳር አይደለም፤ መሃል ላይ፣ ታች ነው። እኔም ማታ ወጥ ቤት ሞከርኩት፣ እንዳለው ነው። ምክንያቱም የስኒው ወለል የታችኛውን ውሃ ይይዘዋል፣ ያዘገየዋል። የላይኛው ውሃ ወደ ዳር ሲገፋ የታችኛው ወደ መሃል ይመለሳል፣ ቅጠሉን ይዞ። ወንዝ ሲታጠፍም ይሄው ነው የሚሆነው። ላይ ላዩን የሚሮጠው ውሃ የውጨኛውን ዳር ይሸረሽራል። ታች ታቹን የሚሄደው አፈሩን ተሸክሞ ወደ ውስጠኛው ዳር ያራግፋል። ትንሽ የነበረችው እጥፋት እየሰፋች ትሄዳለች። ጥምዝ ማለት ወንዙ በየቀኑ ከአንዱ ዳር ነጥቆ ለሌላው የሚሰጠው መሬት ነው።

አባቶቻችን «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ያሉት ከአንስታይን በፊት ነው። ማደሪያ የለውም። ዋናው ቃል እሱ ነው።

አሁን እንግዲህ የሚያሳስበኝ ጋ ደረስኩ። ኩክሚር የተከበረ ቦታ ነው። ቦታው በሚገኝበት በሳሴክስ ግዛት ጠረፍ ከተማም ወደብም ያልተሠራበት ብቸኛ የወንዝ አፍ ነው ይባላል። ከሲፎርድ ቢቺ ሄድ እስከሚባለው ገደል ያለው ጠረፍ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ለዕፅዋቱና ለአዕዋፉ ብቻ አይደለም፣ ለድንጋዩና ለመሬቱ ቅርጽም ጭምር። በ2010 የሳውዝ ዳውንስ ብሔራዊ ፓርክ ሲመሠረት በውስጡ ገባ። በ2013 ከፊት ለፊቱ ያለው የባሕር ወለልም ጥበቃ ተሰጠው። 280 ሄክታር የሚሆነውን የሰቨን ሲስተርስ ፓርክ ከ2021 ጀምሮ የሚያስተዳድረው ራሱ ብሔራዊ ፓርኩ ነው። ጠባቂ አላጣም።

ጥያቄው ሌላ ነው። ምኑን ነው የምንጠብቀው?

ቅርጹን ካላችሁ፣ ቅርጹ የቆመው ወንዙ ስለታሰረ ነው። ግድቡ ባይኖር ባሕሩ በየቀኑ ይገባ ነበር። ጥምዙ ይቀየር ነበር። አንዱ እጥፋት ይቆረጥ፣ ሌላ ይወለድ ነበር። ከ1846 ወዲህ ግን እንደ ግድግዳ ሥዕል ተሰቅሏል። ሒደቱን ካላችሁ ደግሞ ግድቡን ማፍረስ ነው፤ ያኔ ሁላችንም የምንወደው ሥዕል ይጠፋ ይሆናል።

በ2000ዎቹ የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ግድቡን መጠገን ላቁም አለ። ምክንያቱ ይገባኛል። ነፋሱ ከምዕራብ ስለሚበዛ ማዕበሉ ጠጠሩን ሁልጊዜ ወደ ምሥራቅ ይገፋል። የወንዙን አፍ ይደፍነዋል። ካልተጠረገ ውሃው መውጫ ያጣና ወደ ኋላ ተመልሶ ጎርፍ ይሆናል። ስለዚህ በየጊዜው ማሽን ይመጣል፣ ጠጠሩን ይዝቃል። ማዕበል ይመልሰዋል። እንደገና ይዝቃል። ባሕሩ ደግሞ ከፍ እያለ ነው። ይሄ ወጪ ማለቂያ የለውም።

የአካባቢው ሰው ተቃወመ። እሱም ይገባኛል። ከወንዙ በስተምዕራብ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ፣ የድሮ የጠረፍ ጠባቂዎች ቤቶች አሉ። መከላከያው ከቀረ ባሕሩ ይወስዳቸዋል። በሜዳው ዳር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቀሩ የኮንክሪት ምሽጎች አሉ። በጦርነቱ ጊዜ በዚህ ሸለቆ የሐሰት መብራት ይበራ ነበር፣ የጀርመን አውሮፕላን ኒውሄቨን ወደብ መስሎት ባዶ ሜዳ እንዲደበድብ። ሰው ትዝታውን «ይስጠም» ሲሉት ዝም አይልም። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም።

እኔ ግን ወገን ልያዝ። እንግዳ ነኝ፣ ቤቴ እዚያ አይደለም፣ አፌን ሞልቼ ለመናገር ይከብደኛል። ሆኖም የማምነውን አልደብቅም። ወንዙ ይመለስለት እላለሁ።

ለምን? መጀመሪያ ነገር፣ ባሕሩ ፈቃድ አይጠይቅም። በ2016 የወጣ አንድ ጥናት ሆፕ ጋፕን መርምሮ ነበር፤ ከወንዙ አፍ በስተምዕራብ በእግር የምትደርሱበት ገደል ነው። ቢቺ ሄድንም እንዲሁ። ባለፉት ጥቂት ሺህ ዓመታት ገደሉ ወደ ኋላ የሚያፈገፍገው በዓመት ከ2 እስከ 6 ሴንቲሜትር ነበር። ባለፉት 150 ዓመታት ግን በዓመት ከ22 እስከ 32 ሴንቲሜትር ሆኗል። አንዱ ምክንያት ገደሉን እንደ ጋሻ የሚከላከለው ጠጠር መሳሳቱ ነው ይላሉ። በሌላ ቦታ ጠረፉ ላይ ኮንክሪት ስንሠራ ወደዚህ የሚመጣውን ጠጠር እያስቀረን ነው። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ የሚባለው ይሄ ነው፤ በዓመት አንድ ስንዝር ማንም አያስተውለውም።

ሁለተኛ፣ ባሕር በየቀኑ የሚገባበት ሜዳ ባዶ አይሆንም። ጭቃው ይረጋል፣ ጨው የሚችል ሣርና ቅጠል ይበቅላል። ያ ጨዋማ ረግረግ ማዕበሉን ያደክመዋል፣ ደለል ይይዛል፣ በአፈሩ ውስጥ ካርቦን ያከማቻል። ባሕሩ ከፍ ሲል እሱም በደለሉ ላይ ከፍ ማለት ይችላል። ግድብ ይሄን አይችልም። ይባስ ብሎ፣ ከግድቡ ፊት ያለው ረግረግ ወደ ኋላ የሚሸሽበት ሲያጣ በባሕሩና በግድቡ መካከል ተጨፍልቆ ይሞታል።

ደግሞ ተሞክሯል። ከኩክሚር በስተምዕራብ፣ በዚያው በሳሴክስ ጠረፍ፣ ሜድሜሪ የሚባል ቦታ አለ። በ2013 ከባሕሩ ራቅ ብሎ 7 ኪሎ ሜትር አዲስ የአፈር ግድብ ከተሠራ በኋላ የፊተኛውን የጠጠር መከላከያ ሆን ብለው ከፈቱት። ባሕሩ ገባ። ዛሬ የነጭ ሳቢሳና የሌሎች የውሃ ወፎች ሰፈር ነው፣ ከኋላው ያሉት ቤቶችም ከበፊቱ የተሻለ ጥበቃ አላቸው። መሬታቸውን የለቀቁ ገበሬዎች ግን ነበሩ። ያንን ሳልጠቅስ ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል። ኩክሚርም ላይ አንድ ሰው የሚያጣው ነገር ይኖራል፣ ለሚያጣው ደግሞ መካስ ይገባዋል። ቤቶቹን ማዳን የሚፈልጉት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። እኔም ደጀን ያለውን ቤታችንን ገደል ሊወስደው ቢል እሟገት ነበር።

ይሄን ሁሉ ያነበብኩት በኋላ ነው። ያን ቀን ግን ባሕሩ ዳር ጠጠሩ ላይ ተቀምጠን ቆሎ በላን። ከገደሉ ራቅ ብለን ነበር የተቀመጥነው። እባካችሁ እናንተም ስትሄዱ ከሥሩም አትቀመጡ፣ ጫፉም ላይ አትቁሙ። ጠመኔ ሳይናገር ነው የሚወድቀው፣ ላይ ያለው ሣር ደግሞ ሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። እናቴ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ባሕሩ ውስጥ ከተተች። ጨዋማነቱን በጣቷ ቀመሰች። ከዚያ ዞር ብላ ወደ ጥምዙ አየች።

«ማነው ያሰረው?» አለችኝ።

«ገበሬዎቹ፣ የመሬት ጌቶች፣ የድሮ ሰዎች። ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ሆነው።»

«አሁንስ ማን ይፈታዋል?»

መልስ አልነበረኝም። የመልስ አውቶቡስ እስኪመጣ ኤክሲት ድልድይ አጠገብ ቆመን ሳለ ባሕሩ መጉደል ጀመረ። በቦዩ ውስጥ ውሃው ለጥቂት ደቂቃ ፀጥ አለ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረ። እናቴ ነጠላዋን ጠቅልላ ይዛ አየችው። በጎኑ ያለው ጥምዝ ግን አልተንቀሳቀሰም። ሰማዩን ብቻ ይዞ ተኝቷል።

ባለፈው እሑድ ደወልኩላት። ዘንድሮ ዝናቡ በርትቷል አለችኝ፣ የጎረቤታችን ልጅ ወልዳለች፣ ስንዴው ደህና ነው። ከዚያ ድንገት «ያ ወንዝ ተፈታ?» አለች።

«ገና ነው እማዬ፣ እየተከራከሩ ነው።»

«እሺ» አለች። «ስትሄድ ሣር ጣልበትና ንገረኝ።»